ማብሪያ ማጥፊያው በማን እጅ ይሁን?

በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግቢ ውስጥ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ የሚዘዋወር ሰው፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ያልተለመደ አንድ ነገር ሊያስተውል ይችላል። ከሁለተኛ ወይም ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ቁልቁል የወረደ የማራዘሚያ ገመድ አለ። ገመዱ በሣሩ ላይ ተጋድሞ፣ አንዳንዴም በልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ እስከ መኪና ማቆሚያው ይዘልቃል፤ ከጫፉም አንዲት የኤሌክትሪክ መኪና ተሰክታለች። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ከተገለጸ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ መኪና በየሠፈሩ የሚታይ ነገር ሆኗል፤ ገመዱም አብሮት መጥቷል።

እኔ በምኖርበት ግቢ ይኸው ገመድ የነዋሪዎችን ስብሰባ አስጠርቶ ነበር። እንጀራ ጋግረው በመሸጥ የሚተዳደሩ አንዲት እናት ተነሥተው፣ «መኪኖቹ መሰካት ከጀመሩ ወዲህ ምጣዴ እንደ ድሮው አይግልም፤ እንጀራዬም ዓይን አላወጣ አለ» ሲሉ አቤቱታ አቀረቡ። ከመኪኖቹ ባለቤቶች አንዱ የሆነው ወጣት ጎረቤታችንም በትሕትና፣ «እማማ፣ እኔ የምጠቀመው በራሴ ቆጣሪ ነው፤ የከፈልሁበትን እንጂ የማንንም አልወሰድሁም» ሲል መለሰ። በዚህ ጊዜ እኚህ እናት ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «አንተ ፊዚክስ ታስተምራለህ አይደል? እስቲ ፍረድ!» አሉኝ። በዚያ ምሽት አጥጋቢ መልስ አልሰጠሁም። ምክንያቱም ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ይህ ጽሑፍ የዘገየው ፍርዴ ነው።

ሐሳቤን ከወዲሁ ባጭሩ ልግለጽ። በመኪና ማቆሚያዎች የሚዘረጋው የኤሌክትሪክ መስመር፣ በእያንዳንዱ መኪና ቦታ መጠኑንና ሰዓቱን የሚመዘግብ፣ ከሩቅ ሆኖም ጭነቱን መቀነስና መጨመር የሚቻልበት ስማርት ቆጣሪ ሊኖረው ይገባል። ይህም ገመዱ በዘፈቀደ ከተስፋፋ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ መሆን አለበት። ይሁን እንጂ ከሩቅ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ ሥልጣን ነው፤ ሥልጣን ደግሞ ሕግ ይፈልጋል። ቆጣሪውን ተክለን ሕጉን ብንረሳ፣ ከአንዱ ችግር ወጥተን ሌላው ውስጥ እንገባለን።

ቆጣሪው የሚያየውና የማያየው

በዕለት ተዕለት ንግግራችን «ኃይል» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸከማል። አንደኛው በጠቅላላው የተጠቀምንበት መጠን ነው፤ ይህ በኪሎዋት ሰዓት ይለካል። ሁለተኛው በአንድ ቅጽበት የምንወስድበት ፍጥነት ሲሆን፣ ይህ በኪሎዋት ይለካል። በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያውን «የኃይል መጠን»፣ ሁለተኛውን ደግሞ ባለሙያዎች እንደሚሉት «ጭነት» እያልሁ እጠራቸዋለሁ። ልዩነቱን ለመረዳት ውኃ መቅጃ ቦኖን ማሰብ ይበቃል። አሥር ጀሪካን ውኃ ቀኑን ሙሉ ተራ በተራ ቢቀዳ ማንም አይጎዳም፤ አሥሩም ጀሪካን በአሥር ቧንቧ በአንድ ጊዜ ቢቀዳ ግን በመጨረሻው ቧንቧ ያለው ሰው ጠብታ ይቆጥራል። የተቀዳው ውኃ በሁለቱም ጊዜ እኩል ነው።

በየቤታችን ያለው የካርድ ቆጣሪ የሚያውቀው የጀሪካኑን ቁጥር ብቻ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት የተወሰደ 1 ኪሎዋት ሰዓትና ምጣድ ሁሉ በሚጣድበት በምሽቱ 1 ሰዓት የተወሰደ 1 ኪሎዋት ሰዓት ለእርሱ አንድ ናቸው። ለትራንስፎርመሩና ለሽቦው ግን አንድ አይደሉም።

የእኚያ እናት አቤቱታ በፊዚክስ ቋንቋ ሲተረጎም ይህን ይመስላል። በሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ፍሰት ሲጨምር፣ በሽቦው ላይ የሚባክነው ቮልቴጅም ይጨምራል፤ ስለዚህ ለቤቱ የሚደርሰው ቮልቴጅ ይቀንሳል። በምጣዱ ውስጥ ያለው ጥቅልል ሽቦ የሚሰጠው ሙቀት ደግሞ ከቮልቴጁ ዳግም ርቢ ጋር አብሮ የሚሄድ ነው። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 198 ቢወርድ፣ ማለትም በ10 በመቶ ቢቀንስ፣ የምጣዱ ሙቀት 0.9 በ0.9 ሲባዛ 0.81 ይሆናል። ምጣዱ ሙቀቱን በ19 በመቶ አጣ ማለት ነው። እንጀራው ዓይን ቢያጣ ምን ይደንቃል? ወጣቱም አልዋሸም፤ በቆጣሪው ላይ የተመዘገበውን በሙሉ ከፍሏል። ጉዳቱ የደረሰው ቆጣሪው በማያየው በኩል ነው።

ከዚንክ ዝርግ እስከ ስማርት ቆጣሪ

ኤሌክትሪክን የመለካት ታሪክ በሚዛን ይጀምራል። ቶማስ ኤዲሰን በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ለደንበኞቹ ያስገባው ቆጣሪ በፈሳሽ ውስጥ የተነከሩ የዚንክ ዝርጎች ነበሩት። ፍሰቱ ባለፈ መጠን ዚንኩ ከአንዱ ዝርግ ተነሥቶ በሌላው ላይ ይለጠፋል፤ በወሩ መጨረሻ ሠራተኛ መጥቶ ዝርጎቹን ይመዝንና ሂሳብ ያወጣል። በ1889 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሃንጋሪው መሐንዲስ ኦቶ ብላቲ ለተለዋዋጭ ፍሰት የሚሆን የኃይል መጠን ቆጣሪ የፈጠራ መብት አገኘ። ከዚያ በኋላ በዓለም ሁሉ የተስፋፋው፣ እኛም በልጅነታችን በየቤቱ ግድግዳ ላይ ሲሽከረከር እናየው የነበረው ባለ ዝርግ ቆጣሪ የዚያ ፈጠራ ዘር ነው።

የዛሬው ኤሌክትሮኒክ ቆጣሪ የሚሽከረከር ነገር የለውም። ቮልቴጁንና ፍሰቱን በሰከንድ ውስጥ በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ ይለካል፤ ሁለቱን ያባዛል፤ ውጤቱንም ይደምራል። ብዙዎቹ ቆጣሪዎች ፊታቸው ላይ ብልጭ የምትል ትንሽ መብራት አለቻቸው፤ ከጎኗም ለ1 ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል ተጽፏል። ቁጥሩ 1600 ከሆነ፣ በሁለት ብልጭታዎች መካከል ያለውን ጊዜ በሰከንድ ለክታችሁ 3600ን ለ1600 እና ለዚያ ጊዜ ብታካፍሉት፣ በዚያ ቅጽበት ያለውን ጭነት በኪሎዋት ታገኛላችሁ። ብልጭታው በየ0.64 ሰከንዱ ከሆነ ጭነቱ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ነው፤ ይህም አንድ ምጣድ ማለት ነው። አንባብያን ይህን በቤታቸው እንዲሞክሩት እጋብዛለሁ። ጭነት የሚባለው ነገር በመጽሐፍ ውስጥ ብቻ የሚኖር አለመሆኑን በዓይን ያሳያል።

ስማርት ቆጣሪ የሚባለው በዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ይጨምራል። አንደኛ ሰዓት አለው፤ ስለሆነም ምን ያህል ብቻ ሳይሆን መቼ እንደተወሰደም ይመዘግባል። ሁለተኛ በሞባይል ኔትወርክ ወይም በራሱ በኤሌክትሪክ ሽቦው በኩል መልእክት ይልካል፣ ይቀበላል። ሦስተኛ በውስጡ በትእዛዝ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ ማጥፊያ ሊኖረው ይችላል። ይህ ሦስተኛው ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በካርድ ቆጣሪያችን ሂሳብ ሲያልቅ መብራቱን የሚያጠፋው ይኸው ነው። ልዩነቱ በስማርት ቆጣሪ ትእዛዙ ከሩቅ መምጣቱ ነው። በኢጣሊያ ኤኔል የተባለው ኩባንያ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሉት ጥቂት ዓመታት ወደ 30 ሚሊዮን በሚጠጉ ደንበኞች ቤት እንዲህ ያለ ቆጣሪ ተክሏል።

ከቀዝቃዛው ሰሜን የተገኘ ትምህርት

ለመኪና ማቆሚያ ኤሌክትሪክ መዘርጋት ከኤሌክትሪክ መኪና በፊት የነበረ ነገር ነው ብል የማያምነኝ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ለዶክትሬት ትምህርቴ በቆየሁባት በፊንላንድ፣ በክረምት የአየሩ ሙቀት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪና ከዚያም በታች ይወርዳል። የሞተር ዘይት ይረጋል፤ ባትሪም ይዳከማል። ስለዚህ በመኖሪያ ሕንፃዎችና በመሥሪያ ቤቶች መኪና ማቆሚያ በየመኪናው ቦታ አጠገብ ሶኬት ያለው አጭር ምሰሶ ይተከላል። ባለመኪናው ማታ ሲገባ የሞተር ማሞቂያውን ይሰካል፤ በምሰሶው ሣጥን ውስጥ ያለውን ሰዓትም ለሚነሣበት ጊዜ ያስተካክላል። ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ አይሠራም፤ ከመነሻው ሰዓት በፊት ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ይሠራል።

ያ ቀላል ሰዓት ትልቅ ቁም ነገር ይዟል። አንድ የሞተር ማሞቂያ 500 ዋት ቢወስድ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚጠቀመው 1 ኪሎዋት ሰዓት ነው። መጠኑ ትንሽ በመሆኑ ለእያንዳንዱ ምሰሶ ቆጣሪ ማስገባት አላስፈለገም ነበር፤ ነዋሪው ለመኪና ቦታው በየወሩ ከሚከፍለው ቁርጥ ኪራይ ጋር ይጠቃለላል። የኤሌክትሪክ መኪና ሲመጣ ግን ይህ ስምምነት ፈረሰ። በዚያው ሶኬት ላይ የተሰካች የኤሌክትሪክ መኪና ሌሊቱን ከጎረቤቷ ማሞቂያ አሥርና ሃያ እጥፍ ልትወስድ ትችላለች። በቁርጥ ኪራይ ማን ለማን ይከፍላል?

ፊንላንዳውያን ለዚህ ያገኙት አንዱ መልስ አስተማሪ ነው። ሁሉንም ምሰሶ ነቅለው በውድ መሣሪያ አልተኩም፤ በብዙ ቦታ የምሰሶውን ውስጥ ብቻ ቀየሩ። የእጅ ሰዓቱ ወጥቶ በምትኩ ለእያንዳንዱ ሶኬት ቆጣሪና በስልክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ ገባ። ሽቦው የነበረው ሽቦ ነው፤ ቦታውም የነበረው ቦታ ነው። የተለወጠው ማን፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደወሰደ መታወቁ ነው። አገሪቱ አስቀድማ ለዚህ አስተሳሰብ መሠረት ጥላ ነበር፤ በ2009 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብ እስከ 2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ቢያንስ 80 በመቶ የሚሆኑት የኤሌክትሪክ ደንበኞች በየሰዓቱ የሚመዘግብና ከሩቅ የሚነበብ ቆጣሪ እንዲኖራቸው ተወስኗል።

እኛ ብርዱ የለብንም፤ የሞተር ማሞቂያም አያስፈልገንም። ትምህርቱ ግን ለእኛም ይሠራል። መኪና አብዛኛውን ዕድሜዋን የምታሳልፈው ቆማ ነው፤ ስለዚህ ኃይል ለመሙላት ተስማሚው ቦታ የምትቆምበት ቦታ ነው፤ ለመሙላትም መቸኮል አያስፈልግም።

ስሌቱ ምን ይላል?

አንድ መቶ የኤሌክትሪክ መኪኖች የሚያድሩበትን ግቢ እናስብ። አንዲት መካከለኛ የኤሌክትሪክ መኪና 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ በግምት ከ15 እስከ 20 ኪሎዋት ሰዓት ትጠቀማለች። ባለቤቷ በቀን 40 ኪሎ ሜትር ቢነዳት ማታ መተካት ያለበት ቢበዛ 8 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ለመቶው መኪና 800 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑ ነው።

አሁን ሁለት መንገዶች አሉ። በመጀመሪያው፣ ሁሉም ከሥራ ሲገባ በ32 አምፔር መሙያ ይሰካል። አንዱ መሙያ 7 ኪሎዋት ይወስዳል፤ መቶው በአንድ ጊዜ 700 ኪሎዋት ይሆናል። በሠፈር ውስጥ ከተለመዱት የትራንስፎርመር መጠኖች አንዱ 315 ኪሎቮልት አምፔር ነው። መኪኖቹ ብቻቸውን ከአቅሙ እጥፍ በላይ ጠየቁት፤ ምጣዱ፣ ምድጃውና መብራቱ ገና አልተቆጠሩም። በሁለተኛው መንገድ፣ ያው 800 ኪሎዋት ሰዓት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባሉት 8 ሰዓታት ላይ ይከፋፈላል። ጭነቱ 100 ኪሎዋት ብቻ ይሆናል። ጠዋት ሁሉም መኪና የሚፈልገውን አግኝቶ ይነሣል፤ አንድም ሰው አልተጎዳም።

የሽቦውን ሙቀት ብንመለከት ልዩነቱ ይብሳል። በሽቦ ላይ በሙቀት መልክ የሚባክነው ከፍሰቱ ዳግም ርቢ ጋር ይሄዳል። በመጀመሪያው መንገድ ፍሰቱ የሁለተኛውን ሰባት እጥፍ ስለሆነ፣ ሽቦው በእያንዳንዷ ሰከንድ 49 እጥፍ ይሞቃል። እርግጥ ነው፣ በመጀመሪያው መንገድ መሙላቱ በሰባት እጥፍ ባጠረ ጊዜ ያልቃል፤ ቢሆንም በጠቅላላው የሚባክነው ሰባት እጥፍ ነው። ከዚህም በላይ በትራንስፎርመር ውስጥ ያለው መከለያ ወረቀት ሙቀቱ በግምት ከ6 እስከ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። ትራንስፎርመር የሚሞተው በፈነዳበት ቀን ብቻ አይደለም፤ ከመጠን በላይ በተጫነበት በእያንዳንዱ ምሽት ጥቂት ጥቂት ይሞታል።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው፣ «ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት አቅም ይዞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ቁጥብነት ለምን?» የሚል ነው። የግድቡ ደስታ የሁላችንም ነው። ነገር ግን ከጉባ የተነሣው ኃይል ወደ ምጣዱ የሚደርሰው በመጨረሻው ሠፈር ትራንስፎርመርና በመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች ሽቦ በኩል ነው። ወንዙ ቢሞላም ቦዩ ጠባብ ከሆነ እርሻው አይረሰርስም። ቦዩን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማስፋት እጅግ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሌሊቱን ግን በነፃ አግኝተነዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ «ፈጣን የመሙያ ጣቢያ ይከፈት፤ ችግሩ ያልቃል» የሚል ነው። ፈጣን ጣቢያ በእርግጥ ያስፈልጋል፤ ለረጅም መንገደኛና ለታክሲ ሾፌር የግድ ነው። ኢትዮ ቴሌኮምም በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እንዲህ ያለ ጣቢያ ከፍቷል። ሆኖም ፈጣን ጣቢያ የነዳጅ ማደያን ልማድ የሚደግም ነው፤ ሰው ሄዶ ይሰለፋል፣ ሞልቶ ይወጣል። ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ለምታድር መኪና 1.3 ኪሎዋት እንኳ ይበቃታል። በ8 ሰዓት ከ10 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ታገኝበታለችና።

በእኛ ግቢ ለጊዜው የተገኘው መፍትሔ ሰው ነው። ዘበኛችን መኪኖቹን በደብተር መዝግቦ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በየተራ ይሰካቸዋል። ልብ ብላችሁ ከተመለከታችሁት፣ ይህ ሰው የሚሠራው ስማርት ቆጣሪ የሚሠራውን ነው፤ ሰዓት ያያል፣ ይመዘግባል፣ ያበራል፣ ያጠፋል። ለአምስት መኪና ይበቃል፤ ለመቶ ግን አይችልም። በዝናብ ከረጠበ ሣር ላይ የተጋደመውን ገመድ አደጋም ሊያስቀር አይችልም። ተጠቅልሎ የተተወ ማራዘሚያ ገመድ ለሰዓታት ከባድ ጭነት ሲሸከም ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ ሽፋኑ ሊቀልጥ ይችላል። በአግባቡ የተዘረጋ የማቆሚያ ምሰሶ ግን 30 ሚሊአምፔር የሚያህል ፍሰት ወደ መሬት ሲያመልጥ ወዲያው የሚቆርጥ መሣሪያ ይኖረዋል። ይህ መሣሪያ በግቢው የሚጫወተውን ሕፃን ሕይወት የሚያድን ነው።

ከሩቅ የሚታዘዘው እጅ

እስካሁን ስለ ጥቅሙ ተናገርሁ። አሁን ስለሚያሰጋኝ ነገር ልናገር፤ ምክንያቱም በዚህ ላይ ዝም የሚል የሳይንስ ሰው ግማሹን ሥራ ብቻ ሠርቷል።

አንደኛው ሥጋት ድንገተኛ ኅብረት ነው። የኤሌክትሪክ ኔትወርካችን በ50 ኸርዝ የሚጸናው፣ የሚመነጨውና የሚወሰደው በየቅጽበቱ እኩል ሲሆን ነው። ዋጋ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ይቀንሳል ተብሎ 100,000 መኪኖች በዚያችው ደቂቃ በ7 ኪሎዋት መሙላት ቢጀምሩ፣ 700 ሜጋዋት በአንድ ጊዜ ይጫናል፤ ይህ ከሕዳሴው ግድብ አቅም ከስምንት አንዱን ይበልጣል። ለመበተን የተሠራ መሣሪያ ራሱ ሰብሳቢ ሆነ ማለት ነው። ብሪታንያ ይህን ተረድታ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ በዋለው ደንቧ በቤትና በመሥሪያ ቤት የሚተከል አዲስ መሙያ ሁሉ እስከ 10 ደቂቃ በሚደርስ፣ በዕጣ በሚወሰን መዘግየት እንዲጀምር አስገድዳለች። ትንሽ ዘዴ ናት፤ ጥቅሟ ግን ታላቅ ነው።

ሁለተኛው ሥጋት የባዕድ እጅ ነው። በዲሴምበር 23 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. በዩክሬን በኮምፒውተር ሰርገው የገቡ አጥቂዎች የማከፋፈያ ጣቢያዎችን ማብሪያ ማጥፊያዎች ከሩቅ ከፍተው ወደ 225,000 የሚጠጉ ደንበኞችን ለሰዓታት በጨለማ አቆዩ። ሠራተኞቹ መብራቱን የመለሱት እየተነሡ ወደ ጣቢያዎቹ ሄደው በእጃቸው በማብራት ነበር። ከዚህ የምንማረው ከሩቅ የሚታዘዝ ነገርን መፍራት አይደለም፤ በእጅ የሚሠራውን እጀታ ፈጽሞ አለማስወገድን ነው።

ሦስተኛው ሥጋት ዓይን ነው። ጆርጅ ሃርት የተባለው ተመራማሪ በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ የአንድን ቤት ጠቅላላ ጭነት ብቻ በመከታተል በውስጡ የትኛው መሣሪያ መቼ እንደበራ መለየት እንደሚቻል አሳይቷል። የመኪና ማቆሚያ ቆጣሪ ደግሞ ከዚህ በላይ ይናገራል። ባለቤቱ ስንት ሰዓት እንደገባ፣ ስንት ሰዓት እንደወጣ፣ ቅዳሜ ረጅም መንገድ እንደሄደ፣ ለሳምንት ቤቱ አለመኖሩን ያውቃል። በኔዘርላንድ ስማርት ቆጣሪን በሁሉም ቤት በግዴታ ለማስገባት የቀረበው ሕግ በ2009 እ.ኤ.አ. በላይኛው ምክር ቤት ሳያልፍ የቀረው፣ በዋናነት ይኸው የግል ሕይወት ጥያቄ በመነሣቱ ነው። በኋላ በ2011 እ.ኤ.አ. ሲጸድቅ ደንበኛው እንቢ የማለት መብት ተሰጥቶታል።

አራተኛው፣ ለእኔም ከሁሉ የሚከብደው፣ የቅርቡ እጅ ነው። ማጥፊያው በአንድ ሰው ስልክ ላይ ከሆነ፣ ያ ሰው ሲያኮርፍ ምን ይሆናል? የማቆሚያው ተከራይ ከአስተዳዳሪው ጋር በኪራይ ቢጣላ፣ ሌሊት ታማሚ ማድረስ ያለበት ሰው መኪናው ባዶ ሆና ሊያገኛት ነው? ቆጣሪና መቀጫ አንድ ሲሆኑ፣ መለኪያው ዱላ ይሆናል።

ምን ይደረግ?

በእኔ እምነት አምስት ነገሮች በደንብ ተጽፈው ከመሣሪያው በፊት ሊቀድሙ ይገባል።

አንደኛ፣ በመኪና ማቆሚያ ላይ የሚተከል ማንኛውም የኤሌክትሪክ መሙያ ለእያንዳንዱ ቦታ የራሱ የተረጋገጠ ቆጣሪ ይኑረው። የማይለካ ነገር በፍትሕ አይካፈልም።

ሁለተኛ፣ ከሩቅ የሚመጣ ትእዛዝ የመቀነስና የማዘግየት እንጂ የመቁረጥ አይሁን። ይህ በቴክኒክ የሚቻል ነው። በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት የተሠራ መሙያ ለመኪናው በ1 ኪሎኸርዝ የሚመታ ምልክት ይልካል፤ የምልክቱ ስፋት መኪናው ቢበዛ ስንት አምፔር መውሰድ እንደሚችል ይነግረዋል። ስፋቱ 50 በመቶ ከሆነ 30 አምፔር፣ 10 በመቶ ከሆነ 6 አምፔር ነው። 6 አምፔር በ220 ቮልት 1.3 ኪሎዋት ይሰጣል። ስለዚህ በተለመደው ሌሊት ማንም ሰው ከ6 አምፔር በታች እንዳይወርድበት ሕግ ይጠብቀው፤ መቶ መኪና እንኳ በዚህ ልክ ቢሞላ 132 ኪሎዋት ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ መሣሪያው ራሱን ችሎ በዚሁ ዝቅተኛ መጠን ይሥራ። በእኛ አገር ኔትወርክ መቋረጡ የታወቀ ነው፤ ኔትወርክ ጠፋ ተብሎ መኪና ባዶ ማደር የለባትም። በአጠገቡም በእጅ የሚዘጋና የሚከፈት እጀታ ይኑር።

አራተኛ፣ መሙያዎቹ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ክፍት ይሁን። በኔዘርላንድ ተጀምሮ ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት ኦሲፒፒ የተባለ፣ ማንም በነፃ ሊጠቀምበት የሚችል የመግባቢያ ሥርዓት አለ። ይህን የማይናገር መሣሪያ ከገዛን፣ ሻጩ አገልግሎቱን ባቋረጠ ቀን ምሰሶው የብረት ግንድ ሆኖ ይቀራል።

አምስተኛ፣ ለሂሳብ የሚያስፈልገው መረጃ ብቻ ይያዝ፤ ሂሳቡ ሲዘጋም ዝርዝሩ ይሰረዝ። ባለመኪናው የራሱን መረጃ የማየት መብት ይኑረው፤ ሌላው ሰው ግን አይኑረው።

ከእነዚህ ጋር የሚሄደው የዋጋ ጉዳይ ነው። ሌሊት የሚሞላ ከምሽት ከሚሞላ ያነሰ እንዲከፍል ቢደረግ፣ ብዙው ሰው ያለ ትእዛዝ በፈቃዱ ይሰለፋል። ምጣድ ግን በዚህ ዋጋ መቀጣት የለበትም። መኪና እስከ ሌሊት መጠበቅ ትችላለች፤ የተቦካ ሊጥ ግን አይጠብቅም።

ተማሪዎች ሆይ! ይህን ጽሑፍ ያቀረብሁላችሁ ጉዳዩ ለመሐንዲሶችና ለሹማምንት ብቻ የተተወ ስላልሆነ ነው። ፍሰትንና ቮልቴጅን የሚለካ፣ ውጤቱን የሚያባዛና የሚደምር አነስተኛ መሣሪያ በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ ባለ ዕቃ መሥራት ይቻላል፤ የመጨረሻ ዓመት ፕሮጀክት ርእስ ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ የለም። የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም በግቢያችሁ ያለውን ጭነት ለአንድ ሳምንት በየሰዓቱ በብልጭታ ቆጥራችሁ በግራፍ አስቀምጡ። የምሽቱን ተራራና የሌሊቱን ሸለቆ በራሳችሁ እጅ ስትስሉት፣ መኪኖቹ የት መግባት እንዳለባቸው ማንም ሳይነግራችሁ ታዩታላችሁ።

የተጠየቅሁትን ፍርድ ልስጥና ልጨርስ። እማማ እውነታቸውን ነው፤ ምጣዳቸው በእርግጥ ሙቀቱን አጥቷል። ወጣቱም እውነቱን ነው፤ የማንንም ሳንቲም አልወሰደም። ጥፋተኛው ስንት እንጂ መቼ ብሎ የማይጠይቀው ቆጣሪያችን ነው። ሰዓት እንስጠው፤ የታዘዘውንም መቀነስ እንዲችል እናድርገው። ማጥፊያውን የሚይዘው እጅ ግን የማን እንደሆነ፣ እስከ ምን ድረስ እንደሚዘረጋም፣ ምሰሶው ከመተከሉ በፊት ሁላችንም በተሰበሰብንበት ይወሰን።